ቁጥር አርባ አንድ

ያንግስታውን፣ ከፓሉምቦ መድኃኒት ቤት፣
ከሳል ሽሮፑ አጠገብ፣ ከሚሽከረከረው መደርደሪያ ፊት፣
ሠላሳ አምስት ሳንቲሜን በመዳፌ ላብ አጥቤ፣ ቆሜ፣
በወር አንዴ ነበር የሚፈታው ሕልሜ።

ጀግናዬ «ብረት ክንፍ»። ካባው ግራጫ፤ ቀይ አይደለም፤
አሳታሚው ለቀለም ገንዘብ አልነበረው ይሆን? አላውቅም።
ደረቱ ግን ሜዳ፣ መንጋጋው የወፍጮ ድንጋይ፣
ፀጉሩ ንቅንቅ የማይል፣ ቢወድቅ እንኳ ከሰማይ።

ጠላቱ ዶክተር ዝገት። እጁ የነካው ሁሉ፣
ድልድዩ፣ ባቡሩ፣ የባንኩ ካዝና በሙሉ
እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል።
ሃያኛው ገጽ ላይ ሁሌም ይታሰራል፣
በወሩ ደግሞ ያመልጣል። እኔን የገረመኝ፣
ዝገትን በብረት በር የሚዘጋ ዳኛ ማነው? ንገሩኝ።

ከኦዴል ጋር ስንጫወት ካባው አንድ ነው፤ የእናቴ
የሻወር መጋረጃ። ስለዚህ ጀግናው እኔ፤ ካባው ከቤቴ።
ኦዴል ዝገት ሆነ። አንድ ክረምት፣ ሁለት፣ ሦስት።
ተራ ይድረሰኝ አላለም። ብቻ አንድ ቀን፣ ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ፣ በድንገት፣
«እኔ ባልኖር» አለ፣ «ያንተ ሰውዬ ምን ሥራ አለው?
ጋዜጣ ሲያነብ ይውላል። ድመት ከዛፍ ቢያወርድ ማነው የሚያየው?»
ሳቅሁ።
አልገባኝም።

ከዚያ አንድ ሰኞ መጣ፤
አባቴ ገና በጠዋቱ፣ የምሳ ዕቃው ሳይከፈት፣ ከፋብሪካው በር ወጣ።
እቶኑ በረደ። ማሆኒንግ ወንዝ ዳር
ሌሊት ይቀላ የነበረው ሰማይ እንደ ማንም ሰማይ ጠቁሮ ያድር ጀመር።
እኔ መስኮት ላይ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ።
ክንፉን ጠበቅሁ፣ አላፍርም፤ ብርድ እስኪሰማው አጥንቴ።
እሱ አልመጣም። ክፉውም አልመጣም፤ ይኼ ነው የከበደኝ፤
ጭንብል የለው፣ የሚያስካካ ሳቅ የለው፤
አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ከሥሩ የማይነበብ ፊርማ። ማንን ልጥላ? ቸገረኝ።

ቁጥር አርባ አንድ የወጣው በዚያው ሳምንት ነው።
ገጽ ዐሥራ አራት፣ ታች በስተግራ፣ ዓይን የሚዘላት ትንሽ ሣጥን፤
ዝገት ብቻውን ነው። ጓንቱን አውልቋል።
አንድ ሕፃን የቆርቆሮ ባቡሩን ጥሎ ሄዷል።
ሊያነሳለት ይዘረጋል
እጁን፤
ይመልሳል።
የንግግር አረፋ የለም። ሠዓሊው ባዶውን ትቶታል።

ያቺን ሣጥን እስካሁን አልጨረስኳትም።

ብረት ክንፍ ዛሬም ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ አያረጅም፣
ጉልበቱ እንደኔ ደረጃ ላይ አይጮኽም።
ኦዴል ግን ስድሳ ሞላው። መጋረጃ ገዛሁለት፣ አዲስ፣ ግራጫ፤
ዘርግቶ አየው፣ ትከሻው ላይ ጣለው፣ ዞረ ከወጥ ቤት እስከ ደጃፉ ዳርቻ።
«ዘገየህ» አለኝ።
ጆሮዬ ከብዷል፤ «ዛግህ» ያለኝ መስሎኝ፣
«ሁለታችንም» አልኩት።

አላረመኝም።