የምስክር ወረቀት

ከጥርስ ሐኪሙ በላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ቀን ከሌት ሳይታወቅ፣
ጫማዬን በሩ ላይ አራግፌ ከጨው
እገባለሁ። ፍርድ ቤት ነው የላከኝ፤ አልመጣሁም ወድጄው።

ቢዩት ናት ከተማው፣ ሞንታና ተራራ ላይ፤
መዳብ የወለዳት፣ መዳብ ጥሏት ሲሄድ ጉድጓዷ የቀረ ሰማይ ሰማይ ሲያይ።
ስሜ ዌንደል ስትራክ። የአውራጃው ሹፌር ነኝ፣
በረዶ እጠርጋለሁ፤ የሰው መንገድ ጠርጌ የራሴ ጠፋኝ።

ስድስት ወንበር አለ፤ ስድስታችንም ወንዶች።
ፊት ለፊት ግድግዳ፣ የመስታወት ክፈፎች።
«የምስክር ወረቀት» ይሏቸዋል እነዚህን።
ምስክር አውቃለሁ። ቆሞ ሲናገር አይቻለሁ አንዱን፣
ቁመቱ ከሳጥኑ ጫፍ እምብዛም የማያልፍ፣
ዳኛዋ «ቀስ በል» ስትለው ቃል በቃል የሚያሰልፍ፤
ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዓይኑ እንደ እኔ ቡናማ።
«አባዬ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሰማ።

ስለዚህ እፈራለሁ ወረቀት ሲመሰክር፤
ግን ሌላ የሚነበብ የለም፣ ከእሳት ማጥፊያው በቀር።

አንደኛው የሂልማ ታልቪ ነው፤ ማኅተሙ ወርቃማ ቀለም፣
የማማከር ማስተርስ ይላል እንጂ ሌላውን አይልም፦
አሥራ ስድስት ዓመት በድንገተኛ ክፍል፣ ነርስ ሆና፣
ሐኪሙ ቅንድብ ሲሰፋ ጭንቅላት ይዛ በደገና፣
«ከደረጃ ወደቅሁ» ሲሏት «ከደረጃ» ብላ እየጻፈች
ደረጃ የሌለው ቤት ውስጥ ለሚኖሩ ሴቶች።
«አንድ ሌሊት» አለችን፣ «አንዷ መጣች፤ ለአራተኛ ጊዜዋ ነው።
‹ክር አምጪ› ሲለኝ፣ ያለቀው ክሩ አልነበረም፤ እኔው ነበርኩ፤ ማን አየው?
ቁስሉን ትቼ ቢላዋውን ልፈልግ ወጣሁ።»
በየተራ አየችን። እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

ሁለተኛው የኮርዴሊያ ፔንሃል። ሴትዮዋ ቀጭን፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሰዋስው ያስተማረች የሰባተኛ ክፍል ልጆችን።
ጡረታ ወጥታ፣ ደብተር ይዛ እንደገና ተማሪ ቤት ገባች፤
ለምን? ብንላት፣ «ግሡን ፍለጋ» አለች።

ግሥ። እውነቷን ነው። እኛ ስናወራ
ቤታችን ሰው የለውም፤ ዕቃው ነው በራሱ የሚሠራ፤
ሳህን ተሰበረ፣ በር ተዘጋ፣ ድምፅ ከረረ፣
እሷም ወደቀች፤ ነጋና በዚያው ቀረ።
ቀይ እስክሪብቶዋን ታነሳለች፦ «ባለቤቱ ማነው?»
ሆስኪን የሚባለው፣ ቅር ብሎት፣ «ባለቤቴማ እህቷ ጋ ሄደች፤ የጠየቅሽኝ እሱን ነው?»
ማንም አልሳቀም። «የግሡን ባለቤት» አለች፣ «የሰበረውን፣
የዘጋውን፣ የጣላትን። ጻፍልኝ ስሙን።»

ሦስተኛው ሚስማር ባዶ ነው። ከበታቹ ግድግዳው ነጥቷል፣
ክፈፍ የነበረበት አራት ማዕዘን ቀርቷል።
የቩኮ ድራጊች ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቁልፍ የያዘ ሰው፣
የእስር ቤት ዘብ የነበረ፣ ዛሬም ሲራመድ እጁ ወገቡን የሚዳስሰው።
«የት አደረስከው?» አልኩት፣ ሌሎቹ ሲወጡ።
ቆየ። የማሞቂያው ቧንቧ ሁለቴ ተንኳኳ ከውስጡ።
«እዚህ፣ አንተ ወንበር ላይ፣ አንድ ሰው ነበረ፤
ሃያ ስድስት ሳምንት አንድም ሳይቀር የተማረ።
‹ጨርሷል› ብዬ ፈረምኩ። ምስክር ሆንኩለት።
በሃያ ዘጠነኛው ሳምንት...» ቃሉ ከጉሮሮው አልወጣለት።
ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ በፊቱ ተደፍቶ እንዲያንቀላፋ።
«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?» አልኩት። መብራቱን አጠፋ።
«ሐሙስ ነዋ» አለኝ።

ዛሬ የእኔ ተራ ነው። አፌ ደረቀ።
«ያን ዕለት ማታ» ብዬ ጀመርኩ፣ «መስታወቱ ወደቀ...»
ቀይ እስክሪብቶ ከፍ አለ። ሂልማ እጄን ታያለች፣
ቩኮ ወለሉን። ውጭ በረዶ ጀምሯል፤ መኪናዬ ትጠብቃለች።
ማንም አያግዘኝም፤ ማገዝ እዚህ ቤት ዝም ማለት።
ምን ያህል ሩቅ ነው፣ ከ«ተመታች» ተነስቶ እስከ «መታኋት»?

ልጄን አሰብኩ፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ ቃሉን ሲያሰልፍ፣
በዘጠኝ ዓመቱ፣ ያለ ማኅተም ያለ ክፈፍ፣
ባለቤቱን ጠርቶ፣ ግሡን ሳያጎድል።
«እኔ» አልኩ።
እስክሪብቶው ወረደ። የቀረውን ልል፣