ታች የሌለው ጭልፋ

በእኛ ደሴት በጎቶ፣ አዲስ ጀልባ ሲሠራ፣
ሁለት ጭልፋ ይጠረባል፣ መንታ፣ ከአንድ እንጨት ጎራ።
አንደኛው ደህና ነው፣ ጀልባ ሲያፈስ ይቀዳበታል፤
ሁለተኛው ታቹ ወልቆ፣ በቀይ ገመድ ይሰቀላል።
ለሕያው አይሆንም፤ የባሕር ሰዎች ድርሻ ነው።
ጉም በወረደ ሌሊት ይመጣሉ፣ እጃቸው ብቻ ነው የሚታየው፣
ሩዝ እንደታጠበበት ውሃ የነጣ፣ የቀዘቀዘ።
«ጭልፋ ስጠን» ይላሉ። ሌላ ቃል የላቸውም።
ስማችሁ ማነው ብትላቸው፣ አያስታውሱትም።

ደህናውን የሰጠ ሰው፣ ጀልባው ይሞላበታል፤
እየቀዱ ይደፉበታል፣ ሳይነጋ ይሰምጣል።
ታች የሌለውን የሰጠ ግን፣ ይተርፋል ይባላል፤
ሲቀዱ ይፈሳል፣ ሲቀዱ ይፈሳል፣
ዶሮ እስኪጮህ።

አባታችን ነው ያስተማረን፣ እኔንና ቶኩሄይን፣
መረብ እየጠገነ፣ ከመርፌው ሳይነቅል ዓይኑን፦
«አትመልሱላቸው። አትራሩ። ሙት ዘመድ የለውም።»
ቶኩሄይ ሳቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ቶኩሄይ በመስከረም ማዕበል ቀረ።
ጀልባዋ በሦስተኛው ቀን ከድንጋዩ ሥር ተገኘች፣
እንደ ሞተ ዓሣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ።
ቀይ ገመዱ አልተበጠሰም፤ ታች የሌለው ጭልፋ
እንደተሰቀለ ነበር።
ደህናው የት ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዓመት ዞረ። ጀልባዋን ጠገንኳት፣ ሞተር በዱቤ ገዛሁ።
በነሐሴ፣ ሙታን ወደየቤታቸው በሚመለሱበት ሌሊት፣
ማንም መረብ አይጥልም። እኔ ወጣሁ።
ዕዳ በዓል አያውቅም።

ጉሙ ወረደ። ሞተሩ አንዴ አስሎ ጠፋ።
ከዚያ እጆቹ፣ በግራ በቀኝ፦ «ጭልፋ። ጭልፋ። ጭልፋ።»
አልመለስኩም። ጥርሴን ነክሼ ቆጠርኳቸው፣ አንድ፣ ሁለት፣
አምስተኛው እጅ ላይ ስደርስ፣ ቆመብኝ ሒሳቡ፣
ግማሽ ነበረች ሌባ ጣቱ።

ያቺን ጣት አውቃታለሁ። በልጅነታችን ገመድ ቆርጧት፣
እናታችን እንዳታይበት ሁለት ቀን ሙሉ
በኪሱ ውስጥ የደበቃት።

እጄ ወደ ቀዩ ገመድ ሄደ።
ፈታሁት። ሰጠሁት።
ታች የሌለውን።

ቀዳ። ሌሊቱን ሙሉ ቀዳ፣ በሕይወቱ እንደሚሠራው፣
ሳይማረር፣ ሳይቸኩል፣ መሃል ላይ ጥቂት እያረፈ።
እኔም አየሁት። ማየት ነበር የቀረኝ።
ጎህ ሲቀድ ነው የገባኝ፣ ጭልፋውን የሚገለብጠው
ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ውጭ ነው፣ ወደ ባሕሩ።
ለካ የእኔን ሊሞላ አልነበረም የመጣው፤
የራሱን ሊያጎድል ነበር፣
እስከ ዛሬም እየሰመጠ ያለውን።

አሁን ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ልናገረው፦
በማዕበሉ ዋዜማ ደህናውን ጭልፋ ከጀልባው የወሰድኩት
እኔ ነኝ። የዱባ ችግኝ ላጠጣ።
ቶኩሄይ ሲወጣ፣ ጭልፋው ደጃችን ባልዲ ውስጥ ተኝቶ ነበር።
እናቴ ኦሺጌ ሳልነግራት ሞተች።
ዱባው በዚያ ዓመት እጅግ አማረበት፤
መንደሩ ሁሉ በላ።

ይህን ክረምት ቁጭ ብዬ ያንን ጭልፋ ታች ገጠምኩለት፣
ከዝግባ ቅርፊት፣ በሙጫ፣ ሦስት ጊዜ ቀብቼ።
የልጅ ልጄ ሚናዎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየችኝና፣
«አያቴ፣ እንዲህ ካደረግከው እኮ ያሰምጡሃል» አለችኝ።
የእንጨቱን ፍቅፋቂ ከጉልበቴ አራገፍኩ።

ነሐሴ ሊገባ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።
ትናንት ውሃ ሞልቼ ደጅ ላይ አስቀመጥኩት፣
ከቀትር እስከ ማታ፣ ድመቷ እየመጣች ጠጣችበት።
ከሥሩ ያለውን ድንጋይ በመዳፌ ዳሰስኩ።
ደረቅ ነው።
ጠብ አላለም።