ነገ እመለሳለሁ

ታሊን ወደብ ዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ጠርዙ የረጋ ባሕር፣ አመድ የመሰለ ሰማይ፣
ሄልቬ ታነባለች የድሮ ኮድ ከፍታ፣
በመርከብ ሆድ ለመኪና የሚያድል ቦታ።

የጻፈው ኡርማስ ነው፤ አይታው አታውቅም።
ጡረታ ወጥቷል፤ ስልክ አያነሳም።
ግን መዝገቡ አለ፤ ከየመስመሩ ጎን
ሰዓቱን ይዟል፣ ወሩንና ቀኑን።

ከጠዋቱ በሦስት የጻፈው አጭር ነው፤
አንድ ሥራ፣ አንድ ስም፤ ማንም የሚገባው።
ከምሳ በኋላ ትንሽ ይንዛዛል፣
እንደ ጠገበ ሰው አንዱን ነገር ሁለቴ ይላል።
ከሌሊቱ ስምንት ግን
«ይህ ከሆነ» ሆድ ውስጥ «ያ ካልሆነ» አለ፣
በ«ያ ካልሆነ» ውስጥ «ምናልባት» በቀለ፣
ከ«ምናልባት» ጓዳ ሌላ «ካልሆነስ»፤
በር ተከፍቶ በር እንጂ ቤት የማይደረስ።

ዓርብ ማታ ደግሞ መርፌው ይቸኩላል፤
ቀዳዳውን ሳያይ እራፊ ይጥላል።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል
አፍሳሿም ለቃሚዋም አንድ ናት ማለት ነው፤
እዚህ ግን ያፈሰሰው ሌላ፣
የምትለቅመው ሄልቬ ናት።

አንድ ኅዳር አለ፣ ውሉ የጠፋበት፤
መስመሩ ሁሉ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ የተጻፈበት።
ዘጠኝ ቦታ ላይ አንድ ማስታወሻ፦
«ነገ እመለሳለሁ።»
አልተመለሰም።

ሌይዳን ጠየቀቻት፦ «ምን ነበር፣ በዚያ ኅዳር ወር?»
ሌይዳ መነጽሯን አውልቃ፦ «ስልክ ነበር።
ጠረጴዛው ከስልኩ አጠገብ፤ ቀን ሙሉ ይጮኻል፤
አንዱ ላም ጭኛለሁ፣ አንዱ ተጎታች፣ አንዱ ሬሳ ይላል።
ለእያንዳንዱ ጥሪ አንድ ‹ከሆነ› ጻፈ፤
ቀኑ የሌሎች ነበር፤ ሌሊቱን ከእንቅልፉ ዘረፈ።»

መቀስ ይዛ ነበር የመጣችው ጠዋት፣
ሙሉውን ቆርጣ አዲስ ልትሠራበት።
«ሬሳ ከሆነ» የሚለውን ብትነቅል
ሦስት ቦታ ደማ።
መለሰችው። ስም ብቻ አወጣችለት፦
«ለቀስተኛ ሰልፍ አይጠብቅም»።

ሲመሽ ስልኩ ጮኸ። ውሻ የጫነ ሰው፤
በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ፣ አሥራ አራት ናቸው፣
ጎህ ሲቀድ ይሻገራሉ።
«ውሻ ከሆነ» ብላ ጀመረች መስመሩን፤
ፈተነች፣ ወደቀ፤ ደግማ ሰፋች ጎኑን፤
ጣቷ በመጨረሻ ቀድሟት
«ነገ እመለሳለሁ» ብሎ አረፈ።

አየችው። ሳቀች። አጠፋችው ቃሉን።
መስመሩ ግን ቀረ፤
መርከቡ አይጠብቅም።
መዝገቡም ከጎኑ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣
ስሟንና ሰዓቱን ጻፈ፦
ከሌሊቱ ስምንት።