ያልቆመው ማኪና

ማኪና ግርግር ላይ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣
ጭኔ ግን ይሰፋል፣ ያለ ክር፣ እስኪነጋ።
ከቆዳዬ በታች አንድ የማላውቀው ሰው
ፔዳሉን ረግጧል፤ ማን ነው የሚያስቆመው?

በረመዳን ማግስት ጣቴ መርፌ ጣለ፤
ነቢሃ «ብርድ ነው» ብላ በዘይት ብታሸው መች ተሻለ።
ሐኪሙ፣ ከጁገል ውጪ ያለው፣ ጉልበቴን በጎማ መዶሻ መታ፤
እግሬ ከኔ ቀድሞ ዘለለ፤ እሱ ዝም አለ ለአንድ አፍታ።
«ምናልባት ነው» ብሎ ረጅም ስም ጻፈ፤ ሳልጠይቅ ወረቀቱን አጥፌ
ከደረት ኪሴ ከተትኩት፣ ከጠመኔ፣ ከክር፣ ከመርፌ።

ስሙ በልኬ ተሰፍቶ እንደሆን ገና አላወቅሁም፤
ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ለብሼ አልሞክረውም።
አፌ ይህን ይበል እንጂ፣ ሌሊት ነቢሃ ስትተኛ
እለብሰዋለሁ፤ እጅጌው ልክ፣ አንገቱ ያንቃል እንደ መጋኛ።

ዛሬ ጠዋት ኢምራን፣ ዝምተኛው ተማሪዬ፣ ቀድሞኝ ሱቁን ከፍቶ
አሥራ ሁለት መርፌ ደርድሯል፣ ሁሉንም ክር አስገብቶ።

አይቷል ማለት ነው።
ምንም አላልኩት። የሙሽራዋ ቀን ሐሙስ ነው።
ተቀመጥኩ፤ ፔዳሉን ረገጥኩ፤
እኔ ነኝ፣ ይኼኛውን እንኳ፣ የማቆመው።