ጠብ ሳይል

ሊንከን፣ ነብራስካ። የካቲት፣ ማክሰኞ ቀን።
አውቶብሴ እስኪነሣ አራት ሰዓት ቢሆን፣
የሚታይ ምን አለ ብዬ ብጠይቃት
ቲኬት ቆራጭዋ አሳየችኝ በጣት፦
«ያ ማማ ነው» አለች፣ «ሌላው ሁሉ በቆሎ።»
ሄድኩ ወደ ማማው፣ ነፋስ ኮቴን ሰቅሎ።

በር ላይ ከፊቴ የቆመው ገበሬ፣
ሌላንድ ክሩገር («ስድስት ሰዓት ነዳሁ ዛሬ»)፣
በማርማላታ ጠርሙስ ውሃ ይዟል በእጁ፣
ከጉድጓዱ የቀዳው፣ ከጓሮው፣ ከደጁ።
«ፈሳሽ አይገባም» አለች ጥበቃዋ፣ «ካላዩልኝ ቀምሰው።»
ሳቀና ተጎነጨ፣ ስልሳ ዓመት እንደለመደው።
«ሚስቴም ትጠጣው ነበር» አለ
ክዳኑን እያጠበቀ።

ሸንጎው ፊት ሦስት ደቂቃ ይሰጣል ለሰው፤
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፦ ባንዲራ እንዳይመስልህ፣ መብራት ነው የሚቆርሰው።
ወረቀቱን ዘረጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣
ስለ ማዳበሪያው ሲጀምር ቀዩ ተንቦገቦገ።
«እናመሰግናለን» አሉት በትሕትና፤
የየራሳቸው ውሃ ነበራቸውና
ጠርሙሱን ማንም አልነካው።
ራሱ አነሣው።

አብረን ወጣን፣ አሥራ አራተኛው ፎቅ፣ ሰገነት፤
ከጉልላቱ ጫፍ ነሐስ ሰው አለበት፣
አቁማዳ አንግቶ ክንዱን የወረወረ፣
ከተሾመበት ቀን ሲዘራ የኖረ።
ሌላንድ ሽቅብ አየው፣ ባርኔጣውን ይዞ፦
«በዚህ ነፋስ ይዘራል?» አለኝ ተክዞ፤
«ክንዱስ ሸጋ ነበር፤ ግን ይኸው እስከ ዛሬ
ጠብ አላለም» አለኝ፣ «አንዲትም ፍሬ።»

መናኸሪያ ሊያደርሰኝ ፒክአፑን ከፈተው፤
ፊተኛው ወንበር ላይ ጠርሙሱን አኖረው፣
ቀበቶ አሰረለት።
«አንተ ከኋላ ሁን» አለኝ።