ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው መስመር

ሥራዬ ጣት ናት። አንዲት ቁልፍ ይዤ፣
ከጣሪያው ሥር ባለች መስታወት ቤት ፈዝዤ፣
ዘፋኟ አፍ ስትከፍት ቃሏን ከፍ አድርጌ፣
ከመድረኩ አናት በብርሃን አሳርጌ
እሰቅላለሁ።
ብቸኩል ቀልዱን አስቀድሜ እገድላለሁ፤
ብዘገይ ሐዘኑን ከእንባው አፋታለሁ።
ማንም አያየኝም፤ መታየት ከመጣ
ስቻለሁ ማለት ነው፤ ያኔ ነው ጣጣ።

ዊኒፔግ፣ የካቲት፤ ሲቀነስ ሃያ ስምንት፤
በረዶው ከጫማ ሥር ሲጥ ሲጥ የሚልበት።
ሰው ካፖርቱን አስረክቦ፣ ቁጥሩን ኪሱ ከትቶ
ገባ፤ ማንም ያልሰማውን ሊሰማ መጥቶ።
የድሮውን ኦፔራ ሕዝቡ በቃሉ ያውቃል፤
ሶፕራኖዋ ብትስት ሰገነቱ ይስቃል።
አዲሱ ግን ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፤
ስህተቱን ከዜማው የሚለይ ማነው?
ኤይናር ነው የጻፈው፣ የጊምሊ ዓሣ አጥማጅ ልጅ፣
ሲጨንቀው የሌለ መረብ የሚፈታ በእጅ።
ከኋላዬ ቆሟል። ይፈታል። ይፈታል።

ታሪኩ፦ ቀዩ ወንዝ ግንቡን የጣሰ ዕለት
ስልክ ቤት የቀረች፣ ገመድ የምትሰካ አንዲት ሴት፣
ውሃው ቁርጭምጭሚቷን እየላሰ ሲወጣ
ቤት ለቤት ትደውላለች፦ «ተነሡ፣ መጣ፣ መጣ!»
ዴልፊን ናት ዘፋኟ፤ ወንዝ ማዶ ነው ቤቷ፤
ያኔ በጀልባ ነው የወጣች አያቷ።

«ሃሎ? ሊንዴል ጎዳና፣ ዘጠኝ ቁጥር? ሃሎ?»
ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ። ተጫንኩ። ወጣ።
ቀጣዩ ቃል ተሰናድቶ ከጣቴ ሥር ተኝቷል፦
«ማንም የለም እዚያ። መስመሩ ጠፍቷል።»
ዴልፊን አፏን ከፈተች።
አልመጣም።

መስመሩ ጠፋባት።

አንድ ቆጠርኩ። ሁለት። መሪው ዱላውን አንሥቶ
ቀረ፤ መንገድ ሊሻገር አስቦ እንደ ተወ ሰው።
ሦስት። የቫዮሊኖቹ ክንድ አየር ላይ ተሰቀለ።
አራት። ከኋላዬ የነበረው ትንፋሽ የት አለ?
አምስት። ማሪቴስ በጆሮዬ፦ «ኦሪሲያ! ተጫኚና እንለፍ!»
ጣቴ እምቢ አለ።
ስድስት። ሕዝቡ መሰለው የጎርፉ ነው ዝምታው፣
ሽቦ በጥሶ የወሰደው ውሃ፣ የዚያ ማታው።
ሰባት።
ከሰገነቱ፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣
አንድ የሸመገለ፣ የሻከረ ድምፅ፣
እንደ ልጅ፦

«ሃሎ?»

ማንም አልሳቀም።
ቁልፉን ለቀቅሁ። «ማንም የለም እዚያ» ብዬ
እንዴት ልስቀል አሁን፣ ሰው እያለ፣ ጌታዬ!
ሰሌዳውን አጠቆርኩ።
ዴልፊን ቀና አለች፤ በጣም ዝቅ ባለ ዜማ፣
ኤይናር ያልጻፈውን፣ እኔ ጋ የሌለውን፣ እንዲሰማ፦
«ተነሣ፣ የኔ ልጅ። ጫማህን ተወው። ውጣ።»
ሽማግሌው ተነሣ።
ካፖርቱን ፈለገ፣ በጨለማ፣ በእጁ፤
እጀታውን ይዛ አስቀመጠችው ልጁ።

በማግስቱ ኤይናር እርሳስ አነሣ፦
«እዚህ ጋ ሰባት ሰከንድ። ጠብቁ። ዝም በሉ።»
ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለትን ፋቀው እስከነ ቃሉ።
እኔም ከኮምፒውተሬ አወጣሁት።

ሁለተኛው ማታ። አዳራሹ ሙሉ ነው።
«ሃሎ?» አለች ዴልፊን።
አንድ። ሁለት። አሁን ቃሉን ታውቀዋለች፤
መርሳቱን ግን ሲለማመዷት ሳይሆን ስትለማመደው ዋለች፣
በእግሯ እየቆጠረች፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ።
አራት። አንድ ሰው ሳለ።
አምስት። የከረሜላ ወረቀት ተፈታ።
ስድስት። ሰገነቱን አየሁ። በዚያ ወንበር ላይ
አንዲት ወጣት ስልኳን በመዳፏ ከልላ ታያለች።
ሰባት።

ማዳመጫዬን አወለቅሁ።
ከመስታወቱ ጀርባ፣ ማንም በማይሰማበት፣
«ሃሎ» አልኩ።
ትንፋሼ መስታወቱ ላይ ጉም ሠራ፤
በጣቴ ጠረግሁት፣
በዚያችው ጣት
ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስትን ተጫንኩ።