የቀን ጭማሪ

ወንበር ደርዳሪ ነኝ፣ ግሪምዝቢ፣ ወደቡ ዳር፣
ለሰርግ፣ ለቀብር ቡፌ፣ ለሹመኛ ክርክር፤
ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ስሠራ
ስንት ንግግር ጠረግሁ ከብስኩት ፍርፋሪ ጋራ።

ያን ማክሰኞ ማታ ሦስት መቶ ደረደርሁ፤
አልበቃም። ከምድር ቤት አርባ ጨመርሁ።

ዓሣ ጨረታው ቤት ቦምብ ከፈነዳ
ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። አልጸዳም ያ ሜዳ፤
የዓሣና የሰው ደም በረዶ ላይ ሲረጋ
ማን ለይቶ ይጠበው? ሌሊቱ እንዲሁ ነጋ።

የምክር ቤቱ ኦልድሮይድ ጠመኔ አነሡና
ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ አሥራ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ ዘጠና።
“ክስ ሳይመሠረት ተጠርጣሪን ይዘን
ስንት ቀን እናቆይ? ሕዝብ ይንገረን።”

የፖሊሱ አዛዥ፣ ድምፁ የጎረነነ፣
“ኮምፒውተሩ” አሉ “በቁልፍ የተከደነ፣
አርባ ሺህ ሰነድ ነው፣ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ፤
በአሥራ አራት ቀን ማን አንብቦ አሳለፈ?
ለቀነው ቢሄድና ሌላ ቦታ ቢያፈነዳ
እናንተው አይደላችሁ የምታስከፍሉን ዕዳ?”
ዋሹ አልልም። ዓይናቸውን እንቅልፍ አልነካውም፤
የሸሚዛቸው ቁልፍ እንኳ በቦታው አይደለም።

እንደ ዓሣ ጨረታ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፤
“ሃያ ስምንት” ያለ ሳይቀመጥ “ዘጠና” ባይ መጣ።
አንዱማ ከኋላ፣ ፊቱ ቀይ ሥር የመሰለ፣
“ቁልፉን ባሕር ጣሉት፣ ምን ቁጥር አለ!” አለ።
ለሰው ቀን መጨመር ምርቃት ነበረ፤
ያን ምሽት በእኛ አፍ ወደ ቅጣት ዞረ።

ጠበቃዋ ተነሣች፣ ሮዊና ትሪግ፤
“ጭንጋፍ ነው” አለችን፣ “ፍርሃት የወለደው ሕግ።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
ሲሮጡ ያሰሩት ሰው ግን መች ቶሎ ይፈታል?”
“ማን ሞተብሽና!” ብሎ ጮኸ አዳራሹ፤
ተቀመጠች። ወረቀቶቿ ከጭኗ ፈሰሱ።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። እጅ አውጡ ሲባል
ለዘጠና አወጣሁ።
ማን ያስገድደኛል?
ክላይቭ ሞቶብኛል፣ የዶሚኖ ጓዴ፤
ሐሙስ ሲመጣ ነው የሚባባው ሆዴ።

ከዚያ ዶሪን ተነሣች፣ የክላይቭ ባለቤቱ፤
እንደ ድመት በክንዷ ተጋድሟል የጎማ ጓንቱ።
“ቀን ጨምሩ ትላላችሁ። ቀን ያለቀበት እሱ!
አንዲትም አትደርሰው፣ የፈለጋችሁትን ብትደግሱ።
ብቻ አንድ ልጠይቅ፦ የያዛችሁት ሰው
እሱ ባይሆንሳ ቦምቡን የለኮሰው?
ዘጠናው ቀን ላንዱ ጨለማ መበስበሻ፣
ያው ዘጠናው ቀን ነው ለሌላው መሸሻ።”

ማንም አላጨበጨበ፣ ማንም አላፏጨ፤
የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ጥግ ላይ ተንጫጨ።

በሩ ጋ አንዲት ልጅ... መቼ እንደገባች እንጃ፣
የኮቷ ዝናብ ያንጠባጥባል በመግቢያው ስጋጃ፤
ማህፉዛ ነው ስሟ። ወንድሟ ሹሃይብ
እዚያው ዓሣ ቤት በረዶ ይገፋ ነበር። ያድርገው፣ አያድርገው፣ አይነበብ የሰው ልብ።
የአስም መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልላ
ዘጠኝ ቀን ጣቢያ ደጅ ቆማ ተመልሳለች፣ “ነገ ነይ” ተብላ።

ሦስት መቶ አርባ ወንበር፤ ለእሷ የሚሆን የለም።
የራሴን በርጩማ ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።
“ስንት ሆነ?” አለችኝ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤
“ሦስት ሰዓት ከሩብ” አልኋት።
ፊቷን ሳይ ገባኝ። ዘገየሁ።

ውሳኔው ለንደን ነው፤ የእኛ እጅ ምን ያመጣል?
ሰው ኮፍያውን ደፍቶ ወደ መጠጥ ቤት ይወጣል።
ወንበሩን ደራረብሁ። ዳስተሩን አጣሁና
በመዳፌ ጠረግሁት ያንን ዘጠና፤
ቁጥሩ ሰሌዳውን ለቀቀ፣ እጄ ላይ ነጣ፤
ብታጠብ፣ ብታጠብ፣ ከመስመሩ አልወጣ።

ነገ ሌላ ስብሰባ አለ። “እጅ አውጡ” ይሉናል።
ክላይቭን አስባለሁ። ልጅቷን አስባለሁ።
እጄን ኪሴ ከትቼ ወንበር እቆጥራለሁ።